ኬኒ ደግሞ ማነው?

ታኬታዬን የሰቀልኩት ባለፈው ወር ነው። የአጥንት ሐኪሙ የጉልበቴን ፎቶ መብራት ላይ አድርጎ ሲያየው ቆየና «አንተ በዚህ ጉልበት ነው ስትሮጥ የኖርከው?» አለኝ። «እኔ አማካይ ነኝ፤ የምትሮጠው ኳሷ ናት» አልኩት። አልሳቀም። ይኸውና አሁን የሐረር ገበያ ጊደር መጋላ ውስጥ፣ ባለቤቴ በርበሬና ቅመም የምትሸጥበት ሱቅ በር ላይ ተቀምጫለሁ። መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። ሰው ይመጣል፣ እርድና ቁንዶ በርበሬ ይገዛል፣ ከዚያ ጠጋ ብሎ «አቦ ክሮሺያ፣ እስቲ ያቺን ቀን አውራን» ይለኛል። ማውራት ስጀምር አጠገቡ የቆመው «ኧረ እንደሱ አልነበረም!» ብሎ ያቋርጠኛል። ሜዳው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ የሚያርሙኝ ደግሞ ዛፍ ላይ ሆነው ያዩት ናቸው። ይኼ ነው ብዕር ያስያዘኝ።

ጉረኛ ነው ብትሉኝ አልቀየምም። ተከላካይ ትሑት ቢሆን ያምርበታል። አጥቂ አማካይ ግን ሥራው ማንም ያላሰበበት ቦታ ላይ ኳስ ማስቀመጥ ነው፣ ራሱን ካላመነ ኳሷን ከእግሩ ሥር አውጥቶ እዚያ የሚልክበት ወኔ ከየት ይመጣል?

የተወለድኩት ጀጎል ውስጥ ኤረር በር አጠገብ ነው። የሰፈራችን መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ ይነካካበታል። እዚያ ኳስ የሚጫወት ሰው ግድግዳውን እንደ ጓደኛ መጠቀም አለበት፤ ለግድግዳው ትሰጣለህ፣ ሰውየውን ታልፋለህ፣ ግድግዳው ይመልስልሃል። ጫት የጫነች አህያ ብትመጣ እንኳ ጨዋታው አይቆምም፣ ኳሷ በሆዷ ሥር ታልፋለች። አዲስ ቀለም የተቀባ ግንብ ላይ ካሳረፍክ ግን የቤቱ እመቤት መጥረጊያዋን ይዛ ትወጣለች፣ ያኔ ነው እውነተኛ ሩጫ። ጠባብ ቦታ ላይ ለምን አትደነግጥም ይሉኝ ነበር ጋዜጠኞች። ሰፊ ቦታ መች አይቼ!

ኳስ ተጫዋች ያደረጉኝ ግን አው ረምዚ ናቸው። «አው» ቤታችን በምንናገረው ቋንቋ ለትልቅ ሰው የምንሰጠው የአክብሮት መጠሪያ ነው። አው ረምዚ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሱቅ ነበራቸው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የከተማችንን ክለብ ያሰለጥናሉ። ግራ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም፣ ቀኙም ደህና አይደለም። «የሲንጀር መኪናዬ ጩኸት በላው» ይላሉ ሲጠየቁ። በወጣትነታቸው እሳቸውም አጥቂ አማካይ ነበሩ፣ በዚያው ጆሮ።

ጠባያቸው ሌላ ነው። ልምምድ ላይ እንኳ ሲሰፉ የሚነክሷቸውን መርፌዎች ከከንፈራቸው አያወጡም፣ ስለዚህ አይናገሩም፣ በጣት ነው የሚያሳዩት። ተጫዋቹን ከእግር እስከ ራሱ አንዴ ያዩና የሱሪውን ልክ ያውቁታል። አንድ ጊዜ ተከላካያችንን ጠርተው ወገቡን በሜትር ለክተው ምንም ሳይሉ ሜዳውን እንዲዞር በእጃቸው አሳዩት። ቡድኑ በሳቅ ሞተ።

እኔን ያሰለጠኑኝ በቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ኳስ ይላክልኛል፤ እሳቸው ከጀርባዬ ቆመው አንድ ቁራጭ ጨርቅ ከፍ ያደርጋሉ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ኳሷን ከመንካቴ በፊት ዞር ብዬ አይቼ ቀለሙን መጥራት አለብኝ። ከጠራሁ በኋላ ኳሷ ስትደርስ ሌላ ቀለም አንስተው ይጠብቁኛል። መጀመሪያ ሰሞን ቀለሙን ሳይ ኳሷ ታመልጠኛለች፣ ኳሷን ሳይ ቀለሙ ያመልጠኛል። አንገቴን ያመኝ ነበር፣ ወላሂ እግሬን ሳይሆን አንገቴን! እናቴ ቅቤ እየቀባች ታሸኛለች። ከወራት በኋላ ግን አንድ ቀን ነገሩ ገባኝ። ኳሷ ወደ እኔ ስትጓዝ አንዴ ዞር፣ ልትደርስ ስትል ደግሞ አንዴ፣ በቃ ሜዳው በሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ደስታዬ ከሠርጌ ቀን ደስታ አያንስም፣ ባለቤቴ ይህን ታንብብ አታንብብ አላውቅም።

ሁለተኛው ትምህርታቸው የዝምታ ልምምድ ነበር። ማንም አይጠራም፣ ማንም ኳስ አይጠይቅም። አፉን የከፈተ ይወጣል። «ድምፅ ከኋላህ ከደረሰ ተጋጣሚህም ደርሷል ማለት ነው» አሉኝ አንድ ቀን መርፌዎቹን አውጥተው። «ጆሮ ዘግይቶ ነው የሚነግርህ።»

እኔ ግን እዚህ ላይ አልሰማኋቸውም። ጆሮዬ ጥሩ ነበር፣ በጣም ጥሩ። ጨዋታ ላይ ደግሞ የሐረር ሜዳ ጫጫታ ነው፤ በአማርኛ ይሰደባል፣ በሐረሪ ይሾፋል፣ ኳስ የሚጠየቀው ግን በኦሮምኛ ነው። «ኬኒ!» ይላል ሁሉም፣ ስጥ ማለት ነው። ቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ምንም ይሁን ምን ኳስ የፈለገ ሰው «ኬኒ!» ይላል። እኔም ድምፁን ሰምቼ ማን እንደሆነና የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ሳላይ በተረከዜ እልክለታለሁ። ሕዝቡ ያብዳል። አው ረምዚ ደግሞ ይበሳጫሉ። «ተውፊቅ፣ ይኼ ጆሮህ አንድ ቀን ያስበላሃል» ይሉኝ ነበር።

ክሮሺያ የሚለው ስም የመጣው በእሳቸው የስፌት መኪና ነው። ምግብ ቤት ጠረጴዛ የሚለብስበት ቀይና ነጭ ዳማ ጨርቅ ተርፏቸው የልምምድ ማሊያ ሰፉልኝ፣ ለእኔ ብቻ። «ጓደኞችህ ቀና ሲሉ መጀመሪያ አንተን ይዩ» አሉኝ። «ተጋጣሚም ያየኛላ» አልኳቸው። «ይይህ! ሁሉም ወደ አንተ ሲመጣ ሌላው አይለቀቅም እንዴ?» በዚያው ሰሞን ሰው ሁሉ በየሻይ ቤቱ የዓለም ዋንጫ እያየ ነበርና ያንኑ ቀይና ነጭ ዳማ የለበሱት የክሮኤሺያ አማካዮች ኳስ ሲያሽከረክሩ «ይኼማ የእኛ ተውፊቅ ነው!» ተባለ፤ ስሙ ተጣበቀብኝ። ኋላ ላይ ክሮኤሺያ ሄጄ የተጫወትኩ የሚመስላቸውም ተገኙ። አንድ የኤረር በር ሽማግሌ «እዚያ ብርዱ እንዴት ነው ልጄ?» ቢሉኝ «አይቻልም አባቴ» ብዬ አለፍኩ።

መጀመሪያ የወሰደኝ የድሬዳዋ ክለብ ነው። አሰልጣኙ ሩጫ የሚወዱ ሰው ነበሩና መስመር ላይ አሰለፉኝ፣ በዚያ ፀሐይ! እዚያ የተማርኩት ጥላ ባለበት በኩል መጫወትን ነው፣ ሌላ ብዙም የለም። ግን ድሬም ኳስ የሚጠየቀው በ«ኬኒ» ስለነበር ጆሮዬ እንደለመደው ቀጠለ። ከዚያ አዲስ አበባ። የፊርማዋ ብር ለእናቴ ፍሪጅ ገዝታ አለቀች፣ ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ አላወራም።

አዲስ አበባ የመጀመሪያው ዓመት! በሁለት ተከላካይ መካከል፣ ሰው ጣቱን በማያስገባበት ክፍተት፣ ኳሷን አሾልኬ አጥቂያችንን ብቻውን ከበረኛ ጋር ሳገናኘው ስቴዲየሙ መጀመሪያ ዝም ይልና ከዚያ ይፈነዳል። ያቺን ዝምታ እወዳት ነበር። ከሦስት ሰው መካከል ወጥቼ ቀና ስል ሜዳው እንደ መዳፌ ይታየኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አምበላችን ዳንኤል የሚባል የመሀል ተከላካይ ነበር፣ ትልቅ ሰውነትና ትልቅ ድምፅ ያለው። ደግ ልጅ ነው፤ ከጨዋታ በኋላ ቤቱ ወስዶ የሚያበላኝ እሱ ነበር። ሜዳ ላይ ከኋላዬ ሆኖ ይመራኛል። «ቀኝ!» ካለኝ በቀኝህ በኩል ሰው መጥቶብሃል ማለት ነው፣ «ግራ!» ካለኝ በግራ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። አቻ ከወጣን ሊጉ ላይ እንቆያለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ዝናብ ይዘንባል፣ ጨዋታው ሊያልቅ ነው፣ ምንም ለምንም ነን። ጀርባዬን ለተጋጣሚ ሰጥቼ ኳስ ተቀበልኩ፤ ዞር ብዬ አላየሁም። ለምን አላየሁም? ደክሞኝ ነው፣ ደግሞም ዳንኤል አለ ብዬ ነው። ዳንኤል «ቀኝ!» ብሎ ጮኸ። በዝናቡና በጩኸቱ መካከል «ቀ»ዋ ላልታ «ኝ»ዋ ተስባ ደረሰችኝና የሐረር ጆሮዬ «ኬኒ!» ብሎ ሰማት። ስጥ! ድምፁ ወደመጣበት በተረከዜ ላኩለት፣ ቆንጆ አድርጌ። በቀኜ የመጣው ልጅ መንገድ ላይ ጠለፋት፣ ዳንኤልን በሩጫ አለፈው፣ በረኛውን አታለለውና አገባ። ወረድን።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁሉም አቀርቅሯል። ዳንኤል ጭቃውን እንኳ ሳይጠርግ ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«ቀኝ ብዬህ ነበር እኮ!»

«ኬኒ ያልከኝ መስሎኝ ነው።»

«ምን?»

«ኬኒ።»

ዳንኤል ወደ ልጆቹ ዞረ። «ኬኒ ደግሞ ማነው? እዚህ ቡድን ውስጥ ኬኒ የሚባል አለ?»

ከወዲያ ጥግ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። እኔ መሬት ብትከፈት ብዬ ተመኘሁ። በማግስቱ ክለቡ በስልክ አሰናበተኝ።

ወሬው ሐረር ከእኔ ቀድሞ ገባ። ክሮሺያ ቀረ፣ «ኬኒ» ሆንኩ። ጊደር መጋላ ሳልፍ ሴቶቹ «ኬኒ መጣ! ኬኒ መጣ!» ይሉኛል። የባጃጅ ሾፌር መገንጠያ ላይ ቆሞ «በየት ልታጠፍ፣ በቀኝ ነው በኬኒ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። አሁን ሲወራ ያስቀኛል፣ ያኔ ግን አንጀቴ ነበር የሚቃጠለው። የተጫወትኩት ሁሉ ተረስቶ ያቺ አንዲት ኳስ ብቻ ቀረች። ቤት ዋልኩ፣ ኳስም በቃኝ አልኩ።

በመጨረሻ እናቴ ገፍታ ወደ ልብስ ስፌት ሱቁ ላከችኝ። አው ረምዚ ኮት እየሰፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«አየህ ወይስ ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እህ» አሉ። የኮት ትከሻ ከሚሞሉበት ጥጥ ቆረጥ አድርገው ሰጡኝ። «ነገ ልምምድ አለ። ይኼን ጆሮህ ውስጥ ከተህ ና።»

አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን በጥጥ ተለማመድኩ። መጀመሪያ ላይ እንደ ዕውር ነበርኩ፤ ሰው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ ስንቴ ወደቅሁ! ቀስ በቀስ አንገቴ ሥራውን መልሶ ያዘ። ለጨዋታ ግን ጥጡን ያስወጡኛል። «የዳኛ ፊሽካ ሳትሰማ ቀርተህ ካርድ እንዳታይብን» ይሉኛል። በዚያው ዓመት ከሶፊ ገጠር ኢብሳ የሚባል አጥቂ መጣልን። ኢብሳ ዝምተኛ ነው፤ ሜዳ ላይም ኳስ አይጠይቅም። ይሮጣል፣ ካየኸው አየኸው፣ ካላየኸው ተመልሶ ይመጣል፣ ቅር አይለውም። ለጥጡ እንደሱ የተስማማ ሰው አልነበረም። እኔ አየዋለሁ፣ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ያገባል። ሕዝቡ በእኔ ማሾፉን ባይተውም ስቴዲየም መምጣቱን ግን አበዛ።

እናም ላይኛው ሊግ ለመግባት አንድ ጨዋታ ቀረን፣ በሜዳችን። ካሸነፍን እንገባለን፣ አቻ ከወጣን ተጋጣሚያችን ይገባል። አው ረምዚ ይህ ዓመት የመጨረሻዬ ነው ብለው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያሰለጥኑ ቡድናቸውን ላይኛው ሊግ አስገብተው አያውቁም። እኔም ዛሬ ካልሆነ «ኬኒ» እንደተባልኩ እንደምቀበር አውቄዋለሁ።

የተጋጣሚው አምበል ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳንኤል! ክለብ ቀይሮ መጥቷል። ከጨዋታው በፊት መሀል ሜዳ ላይ አቅፎ አነሳኝ።

«ኬኒ ምን ማለት እንደሆነ አወቅሁ እኮ» አለኝ እየሳቀ። «ያገባኋት ልጅ የሐረርጌ ናት። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ‹ኬኒ› ነው። ስጥ ማለት ነው አይደል?»

«ጎበዝ» አልኩት። «ዘገየህ እንጂ።»

ያ ሕዝብ! ከሶፊ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ አለ፣ ጣሪያ ላይ አለ፣ ዛፍ ላይ አለ። የጀጎል እናቶች በነጠላቸው ላይ የቡድኑን ቀለም አስረው መጥተዋል። ኳስ በነካሁ ቁጥር «ኬኒ! ኬኒ!» ይላሉ፣ ግማሹ ለሹፈት፣ ግማሹ ለፍቅር፣ መለየት አይቻልም። እኛ እናጠቃለን፣ ዳንኤል ያወጣል። በግንባሩ ያወጣል፣ በጉልበቱ ያወጣል፣ አንዴ በደረቱ አወጣ። ኢብሳ የግቡን አግዳሚ መታ። እነሱ በመልሶ ማጥቃት መጡና በረኛችን በጣቱ ጫፍ አዳነን። ግን ምን ላድርግ፣ ደስ ይለኝ ነበር! ለዚህ ነው እኮ የተፈጠርኩት እል ነበር በሆዴ።

ፊሽካው ሊነፋ ሲል ከቀኝ ተከላካያችን ኳስ መጣችልኝ። ስትጓዝ አንዴ ዞር አልኩ፤ ዳንኤል ከኋላዬ ራቅ ብሎ መሀል ላይ ነው፣ ኢብሳ በግራ ብቻውን መሮጥ ጀምሯል። ልትደርስ ስትል እንደገና ዞር አልኩ፤ ዳንኤል አልተንቀሳቀሰም፣ ኢብሳ ነፃ ነው። ተቀበልኳት፣ ዞርኩ። ስቴዲየሙ በሙሉ ኢብሳን አየው። «ኬኒ!» አለ ሕዝቡ። ይኼኛው ሹፈት አልነበረም። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ፖሊሱ ሳይቀር «ኬኒ! ኬኒ! ኬኒ!» ስጠው! ስጠው! ኢብሳ፣ ተናግሮ የማያውቀው ኢብሳ፣ እጁን አንስቶ «ኬኒ!» ብሎ ጮኸ።

እግሬን ለማቀበል አነሳሁ። ዳንኤል ቋንቋውን ችሎ የለ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ምን እያለ እንደሆነ ገብቶታል። ወደ ኢብሳ ተወርውሮ መስመሩን ዘጋ፣ በረኛቸውም ተከትሎት ወደዚያው አዘነበለ። ያን ጊዜ ፊት ለፊቴ ከእኔ እስከ መረቡ ድረስ ባዶ ሆኖ ታየኝ። እግሬ መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠ። በጎኑ፣ ሳላጠነክር፣ በረኛው ትቶት በሄደው በኩል ገፋ አደረግኋት። መሬት ለመሬት ሄደች። እሷን በዓይኔ የተከተልኳትን ያህል ሌላ ኳስ ተከትዬ አላውቅም፣ ያ ረብ፣ ምን ያህል ቀስ አለች! መረቡ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሱቁ ድረስ መጥተው የሚያርሙኝ ሰዎች ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፣ እኔ ከሰው ሥር ነበርኩ። የላዬን ማሊያ ማን እንደወሰደው እንኳ አላውቅም። ፊሽካው ተነፍቶ ጨዋታው ሲያልቅ ዳንኤል መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሄጄ አነሳሁት። «ሚስቴን ነው የምከሳት» አለኝና ተቃቅፈን ቆየን።

አው ረምዚን ፈልጌ ያገኘኋቸው ተቀያሪ ወንበር አጠገብ ነው። ሰው ሁሉ እየዘለለ ነው፣ እሳቸው ግን እንደቆሙ ናቸው፣ ቆጣ ብለዋል። ቀኝ ጆሯቸው ላይ ተጠግቼ «ገባን እኮ አው ረምዚ! ላይኛው ሊግ ገባን!» ብዬ ጮኽኩ።

«እሱን ተወው» አሉኝ። «ስትዞር ኢብሳ ብቻውን ነበር እኮ!»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልሰጠኸውም?»

«ጎሉም ብቻውን ነበር።»

ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፣ እኔን ይዘው ሳቁ፣ ሳቁ ሳይታወቃቸው ወደ ልቅሶ ሄደ፣ እኔም ትከሻቸው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።